ልብ የሚል ፎልደር

ባለቤቴ ከሞተ በኋላም በየጠዋቱ አዲስ ነገር ይነግረኝ ነበር። ይህን ለሰው ስናገር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አይዞሽ» ስለሚሉኝ መናገሩን ትቼዋለሁ። እዚህ ግን ጊዜ ስላለኝ በወጉ ላስረዳ።

የምኖርበት የልደታ ኮንዶሚኒየም የቆመው የድሮው ሰፈራችን በፈረሰበት መሬት ላይ ነው። ተጋብተን ጎጆ የወጣነው እዚያ ነበር። ልጅ አልወለድንም፤ የባለቤቴን ታናሽ ወንድም ግን ከትንሽነቱ ጀምሮ አሳድገናል። ሰፈሩ ሲፈርስ ባለቤቴ አንድም ቃል አልተናገረም። እኔ አለቀስኩ፣ ጎረቤት አለቀሰ፣ እሱ ቆሞ ግሬደሩን ያይ ነበር። ይህ ሁሉ ውስጡ እንደተቀመጠ ያወቅሁት ጡረታ ወጥቶ፣ ታምሞ፣ ደረጃ መውረድ ሲያቅተው ነው። መስኮቱ ጋ ወንበሩን ስቦ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ መጻፍ ጀመረ።

መሥሪያ ቤት ሳለ ሥራው ኮምፒውተር ክፍል ስለነበር እንደ ሌላው ሽማግሌ ደብተር አልገዛም። ድረ ገጽ ሠራ። ገጹ ሲከፈት ከላይ የዕለቱ ቀን በእኛ አቆጣጠር ይታያል፤ ከሥሩ ስለ ፈረሰው ሰፈር አንድ አጭር ጽሑፍ አለ። ሌላ ምንም የለውም። በማግስቱ ሌላ ጽሑፍ ይመጣል። ለዓመቱ ቀን ሁሉ፣ ለጳጉሜም ጭምር፣ ጽፎ አስቀምጧል።

«ታዲያ በየቀኑ ማን ነው የሚቀይረው?» አልኩት።

«ስክሪፕት።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ዘበኛ በይው። ጠዋት ተነስቶ ቀኑን ያያል። የዕለቱን ወረቀት ከመሳቢያ ያወጣና በር ላይ ይለጥፋል። ከዚያ ይተኛል።»

«ሁሉንም አሁን ለምን አታስነብበኝም?»

«አንቺን አውቅሻለሁ። ባንድ ቀን ትጨርሺውና ሁለተኛ ዞር ብለሽ አታይውም። በየቀኑ አንብቢ። በተለይ የግንቦት ልደታን እንዳትዘይው። መጀመሪያ ያየሁሽን ቀን ጽፌዋለሁ።»

ይህ ትልቅ ነገር ነበር። በትዳር በኖርንበት ዘመን ሁሉ መጀመሪያ የት እንዳየኝ ጠይቄው ነግሮኝ አያውቅም። እኔ የማስታውሰው ወንድሜ ሱቅ ደጃፍ ላይ ሰላም ያለኝን ነው። እሱ ደግሞ «ከዚያ በፊት ነው» ይልና ይስቃል። ስቆጣ የባሰ ይስቃል።

ከጥምቀት በኋላ ሞተ። ዘበኛው ግን አልሰማም። በለቅሶው ማግስት ጠዋት፣ ቤቱ ገና በፍራሽ እንደተሞላ፣ ስልኬን ስከፍት የቀኑ ጽሑፍ ቦታው ላይ ነበር። ስለ ቦኖው ነው የጻፈው። ውሃ ለመቅዳት የምንሰለፈው እኛ ሳንሆን ድንጋዮቻችን እንደነበሩ፣ የየቤቱ ድንጋይ እንደ ባለቤቱ እንደሚታወቅ፣ የኛ ድንጋይ አፍንጫ የመሰለ ጉጥ እንደነበረው፣ ጎረቤታችን የሌላውን ድንጋይ በእግሯ ገፋ አድርጋ ስትቀድም እንደተያዘች። ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ ሳቅሁ። ለቅሶ ቤት ውስጥ መሳቅ ምን እንደሚያስብል ስለማውቅ ውሃውን ከፍቼ ነው።

እንደዚያ እየተባባልን የካቲትና መጋቢት አለፉ። ሚያዝያ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አንድ ጠዋት ገጹ ነጭ ሆነ። መሀሉ ላይ በእንግሊዝኛ ሰርቨሩ ውስጥ ስህተት እንደተፈጠረ የሚናገር አንድ መስመርና አምስት መቶ የሚል ቁጥር ብቻ አለ። ዘግቼ ከፈትኩ። ስልኩን አጥፍቼ አበራሁ። የጎረቤት ስልክ ለምኜ ሞከርኩ። ነጭ ነው።

ባለቤቴ ድረ ገጹን ያስቀመጠበትን ቦታ የሚያከራይ ድርጅት አለ። ደወልኩ። አንድ ትሁት ድምፅ ያለው ሰው አነሳ።

«እናቴ፣ ሰርቨራችን ይሠራል። የማይነሳው የእናንተ ስክሪፕት ነው። አሮጌውን ሰርቨር ልንዘጋ ስለሆነ ደንበኞች ወደ አዲሱ እንዲያዛውሩ ነግረን ነበር። የእናንተም ተዛውሯል፤ ሲዛወር አንድ ነገር ተነካክቶ ይሆናል።»

«ማን ነው ያዛወረው?»

«የራሳችሁ ሰው ነዋ። በይለፍ ቃላችሁ ገብቶ።»

«የራሳችን ሰው ሞቷል።»

«ነፍስ ይማር እናቴ። እንግዲህ ሌላ የሚያውቅ ሰው ቤት ውስጥ ይኖራል።»

ቤት ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤት ቆሜ ቀረሁ። ባለቤቴ ለእኔ ያልነገረኝን የይለፍ ቃል የሚያውቅ ሰው አለ። እሱ ከሞተ በኋላ ገብቶ ዕቃውን አንስቷል። ሌባ መስኮት ሰብሮ ቢገባ ቢያንስ ጭቃ ይተዋል፤ ይህኛው የተወልኝ ነጭ ገጽ ነው።

የባለቤቴ ወንድም ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው። እሁድ እሁድ ይመጣል። ስነግረው ጉዳዩን አስቦ የጨረሰ ያህል ወዲያው መለሰልኝ።

«ያቺ ሴትዮ ናት።»

«የትኛዋ?»

«አብራው ትሠራ የነበረችው። እኔ ገና ለቅሶው ላይ ነው የጠረጠርኳት፣ እትዬ። ማነው እንደዚያ የሚያለቅሰው ለመሥሪያ ቤት ሰው? እኔ አለቃዬ ቢሞት ሱቄን እንኳ አልዘጋም።»

«አንተ አለቃ የለህም።»

«ቢኖረኝ ማለቴ ነው።»

አስታወስኳት። ባለቤቴ ለብዙ ዓመት ሥራ ያስተማራት፣ ዕድሜዋ ከአርባ አምስት የማያንስ፣ ቀጭን ሴት ናት። ድንኳኑ ጥግ ተቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አይቻታለሁ። ያኔ ደግ ልብ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ከእኔ እኩል ማልቀሷ ትዝ አለኝ።

«ምን ታደርግበታለች ግን?» አልኩት። «የፈረሰ ሰፈር ወሬ ማን ይገዛል?»

«ኧረ ባክሽ! ዩቲዩብ ላይ ከኋላው ማሲንቆ ለቀው ያነቡታል። በስሟ። 'ትዝታዎቼ' ብላ።»

«ላፕቶፑ ላይስ አይኖርም? ልታሠራው ወስደኸው የለ?»

ሻዩን አማሰለ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። «እሱማ ሞቷል። አይበራም።»

ይህን ሲናገር አላየኝም። በዚያን ጊዜ ግን ሐሳቤ ሁሉ ሴትዮዋ ላይ ስለነበር አላስተዋልኩትም። ደወልኩላት።

ከሥራ ወጥታ በአብነት በኩል በታክሲ መጣች። ብርቱካን ይዛለች። ከመምጣቷ በፊት መስኮቱ ጋ ያለው ወንበሩ ላይ ብርድ ልብስና ያልተተኮሰ ልብስ ከምሬበት ነበር፤ እዚያ ስትቀመጥ ማየት አልፈለግሁም። እሷ ግን ወንበሩን ዞራ አላየችውም። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የራሷን ላፕቶፕ ከፈተች። ሻይ ቀዳሁላትና አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ጣቶቿን እያየሁ ነው። የይለፍ ቃሉን ስታስገባ ወረቀት አላየችም፤ አላመነታችም።

«ማን ሰጠሽ?» አልኳት።

«ምኑን እትዬ?»

«አሁን የነካካሽውን።»

«እሳቸው ናቸው። ሆስፒታል ሳሉ። 'ሰርቨሩ መቀየሩ አይቀርም፣ እኔ ባልኖር አዛውሪልኝ' አሉኝ።»

«ለእኔ ለምን አልሰጠኝም?»

አንገቷን ደፋች። «'እሷ ከገባች ሁሉንም ቀን ባንድ ጊዜ ታነበዋለች' ብለው ነው።»

ይህ መልስ ሊያሳርፈኝ ይገባ ነበር። የባሰ አስቆጣኝ። በእኔና በእሱ መካከል የተባለ ነገር በዚህች ሴት አፍ ሲወጣ የራሴን ቀሚስ ሰው ለብሶት ያየሁ መሰለኝ። ብርቱካኑን አንስቼ ወጥ ቤት አስቀመጥኩና ተመለስኩ።

መመርመር ጀመረች። ድምፅ እያወጣች መሥራቷ የእሱ ልማድ ነው፤ ከእሱ እንደተማረችው ያስታውቃል። «መጀመሪያ ፈቃዱን እንየው» አለች። ስክሪፕት እንዲሠራ ሰርቨሩ ሊፈቅድለት እንደሚገባ፣ ዕቃ ሲዛወር ፈቃዱ አንዳንዴ እንደሚቀር አስረዳችኝ። አየችው፤ አለው። «እንግዲያው ቀኑ ይሆናል። አዲሱ ሰርቨር ያለው ውጭ አገር ነው፤ የእኛን ቀን እንዴት እንደሚቆጥር እንይ።» አንድ ነገር ጻፈች፤ መልሱ መጣ። የዛሬው ቀን በትክክል በእኛ አቆጣጠር ወጣ። «ይሄንንማ እሳቸው አይሳሳቱም» አለች፣ ፈገግ ብላ። እኔ ፈገግ አላልኩም።

በዚህ መሀል ስክሪኑ ላይ የባለቤቴ ፎልደሮች ስም ተዘርዝሮ አየሁ። ሁሉም በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው። ይህ የቆየ አመሉ ነው። ስልኩ ላይ የእኛን ፊደል መጫን ቀላል ከሆነ በኋላ እንኳ መልእክት የሚልክልኝ በላቲን ነበር፤ ዳቦ ግዢ፣ ደርሻለሁ፣ በሩን ክፈቺ። መሥሪያ ቤት ሙሉ ዕድሜዬን በአማርኛ ታይፕ ራይተር ደብዳቤ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንድም ቀን ሳልሰድበው አንብቤለት አላውቅም። ግን አነበዋለሁ። አሁንም ከላይ ወደ ታች አነበብኩ። ቀን። በር። ሰፈር። ከዚያ ኤል፣ አይ፣ ቢ።

ልብ።

ልብ የሚል ፎልደር ምን ይሠራል? ያውም ይህች ሴት በምታውቀው፣ እኔ በማላውቀው ቦታ?

«ይሄኛውስ?» አልኳት። ጣቴን ስክሪኑ ላይ አሳረፍኩ።

«የቱ? እሱ? እሱ ምንም አይደለም።»

«ምንም ካልሆነ ለምን አለ?»

«የእሳቸው አይደለም እትዬ። የማንም አይደለም፤ ሁሉም ጋ ያለ ነው። የድሮውን ትቼ አዲስ አስገብቼበታለሁ።»

አንባቢዬ ይፍረድ። ባሏን የቀበረች ሴት እነዚህን ቃላት ሰምታ ምን ታስብ? ቆምኩ።

«አንቺ ሴትዮ» አልኳት፤ «የባሌን ልብ የት ነው የጣልሽው?»

ቀና ብላ አየችኝ። መቼም አእምሮዬ የተናጋ መስሏት ይሆናል፤ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ጠጋ አደረገች።

«የ... ምን አሉኝ?»

«ልብ ይላል እኮ! ኤል፣ አይ፣ ቢ። ማንበብ የማልችል መሰለሽ?»

እጇ አየር ላይ ቀረ። ወደ ስክሪኑ ዞረች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ፊደል እንደምትቆጥር ልጅ ቀስ ብላ «ልብ» አለች። ከዚያ በመዳፏ ግንባሯን መታች፤ መነጽሯ ተንሻፈፈ። «ወይኔ! ወይኔ እናቴ! ልብ ነው! ሌላውን ሁሉ በአማርኛ እንደሰየሙት እያየሁ!»

«ምንድን ነው የሆንሽው?»

አስረዳችኝ። በእነሱ ሙያ እነዚህ ሦስት ፊደላት የእንግሊዝኛው 'ቤተ መጻሕፍት' ማሳጠሪያ ናቸው። ሌሎች ሰዎች ሠርተው ያዘጋጁት መሣሪያ የሚከማችበት ፎልደር በየቦታው ይህ ስም አለው። ቤት ስትቀይሪ አሮጌ ጋዜጣ እንደማትሸከሚው፣ እሱንም የሚሸከም የለም፤ አዲሱ ቦታ ላይ አዲስ ይገባል። እሷም እንደ ልማዷ የድሮውን ትታ አዲስ አስገባች። ባለቤቴ ግን ልብ ያለው ልብን ነው። የዓመቱ ጽሑፍ ሁሉ የተቀመጠው እዚያ ውስጥ ነበር።

«ዘበኛው እንግዲህ» አልኩ፣ ሳላስበው።

«የምን ዘበኛ?»

«ምንም። መሳቢያውን ሲከፍት የሰው ዕቃ ነው ያገኘው።»

«እንደዚያ ነው» አለች። «ያገኘው የሰው ዕቃ ነው። ለዚያ ነው አልነሳም ያለው።»

ያኔ ነው የሠራችው ስህተት ፊቷ ላይ የከበደው። ወደ አከራዩ ድርጅት ደወለች። የድሮው ሰርቨር ተጠርጎ ተዘግቷል፤ ውስጡ የነበረው የለም። ስልኩን አስቀምጣ ማልቀስ ጀመረች። እንባዋን እንኳ በጥርጣሬ ነው ያየሁት። የእውነት ነው? ወይስ እኔን ለማብረድ ነው? ለቅሶ ቤት እንዳየኋት ዓይነት ነው፤ አፍንጫዋ ቀላ፣ ድምፅ የላትም። እንዲህ ተብሎ ለማስመሰል እንደማይለቀስ እያወቅሁም ሶፍት ስሰጣት እጄን ዘርግቼ ነው እንጂ አልተጠጋኋትም።

«ላፕቶፓቸው ላይ ግን ይኖራል» አለች ተናፍጣ። «መጀመሪያ የሚጽፉት እዚያ ነው።»

«ላፕቶፑ ሞቷል። አይበራም።»

«ማን ነው ያለው?»

መልሱን ከመስጠቴ በፊት ጥያቄው ራሱ ልቤን ወጋ አደረገው። ማን ነው ያለው?

«ባይበራም ግድ የለም» ቀጠለች፤ «ውስጡ ያለው ዲስክ ወጥቶ ይነበባል። ይምጣልኝ ብቻ።»

ለባለቤቴ ወንድም እሷ ፊት ደወልኩ።

«ላፕቶፑን አምጣ።»

«እትዬ፣ ጠጋኝ ጋ ነው እኮ።»

«የትኛው ጠጋኝ?»

«እዚህ... መርካቶ።»

«ጥሩ። ነገ አብረን እንሄዳለን።»

«ነገማ... ነገ ዕቃ ይገባልኛል።»

«ከነገ ወዲያ።»

ተነፈሰ። አተነፋፈሱን አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለ ኩባያ ሰብሮ ከአልጋ ሥር ሲደብቅ የሚተነፍሰው እንዲህ ነበር። አንዳንድ ሰው ሲዋሽ ያወራል፤ እሱ ሲዋሽ ይተነፍሳል።

«ይዘኸው ና» አልኩት። «የወንድምህ ልብ እሱ ውስጥ ነው ያለው።»

ምን እንደተረዳ አላውቅም፤ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ላፕቶፑ በጥቁር ፌስታል ተጠቅልሏል። ሴትዮዋን ሲያይ በሩ ላይ ተገተረ። እሷ ተነስታ እጅ ነሳችው፤ እሱ አንገቱን ብቻ ነቀነቀ። ፌስታሉን ከእጁ ወስጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና ከፈትኩት። በራ። ቻርጁ ሙሉ ነው። እንዲያውም መነሻው ላይ የተቀመጠው የባለቤቴ ፎቶ ሳይነካ አለ።

«የሞተው የታለ?» አልኩት።

«እትዬ...»

«ጠጋኙ ጎበዝ ነው።»

ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ትልቅ ሰውዬ ነው፣ ሆዱ የቀደመው፣ መርካቶ በጭቅጭቅ የሚያሸንፈው የለም። እጁን ጉልበቱ መሀል ከቶ ወለሉን አየ።

«ድምፁ ነው እኮ» አለ። «ሱቅ ዘግቼ እዚያው ውስጥ እከፍተውና አንድ ገጽ አነባለሁ። አንድ ብቻ ብዬ ነው የጀመርኩት። ስለ ቦኖው፣ ስለ ድንጋዩ። እኔን የመታኝን ቀን ሳይቀር ጽፎታል። ውሸት ነው ያለው፣ እኔ አልሰረቅሁም ያን ብስኩት... ግን ልክ እሱ ነው። ላፕቶፑን ካወጣሁት ይወስዱብኛል ብዬ ነው።»

«ለዚህ ብለህ ነው እሷን ሌባ ያልካት?»

ሴትዮዋ ሻይዋን እያየች «እኔን?» አለች።

«ሌባ አላልኩም» አለ። «ዩቲዩብ ነው ያልኩት።»

«የት ደርሰሃል?» አልኩት። «ንባቡን።»

መልሱን ያወጣው በግድ ነው። «ጳጉሜን ጨርሻለሁ።»

ተናደድኩ። እኔ በየጠዋቱ እንደ ጾመኛ አንድ አንድ ጉርሻ ስጠብቅ፣ እሱ ሱቅ ውስጥ ዘይትና ጎማ መሀል ተቀምጦ ገበታውን ጠርጎታል። የባሌን ነገር ከእኔ በፊት የሚያውቅ ሁለተኛ ሰው ሆነ። እውነቱን ለመናገር የተናደድኩትን ያህል ደግሞ አንድ ነገር ቀለለኝ። እንደ እኔ የሚያደርገው ሰው አለ ማለት ነው።

ሴትዮዋ ልቡን ከላፕቶፑ ወደ ሰርቨሩ ለማዛወር ስትዘጋጅ እጇን ያዝኩ።

«አታነቢውም።»

«አላነበውም እትዬ።»

«በተለይ የግንቦት ልደታን።»

«ፋይሉን አልከፍትም። ስሙን ብቻ ነው የማየው። እንዲያውም ይዩኝ።»

አየኋት። ሲዛወር ዓይኗን ከመስመሩ ላይ አላነሳችም፤ አልከፈተችም። መሞከር ግን ግድ ነው አለች፤ ስክሪፕቱ መነሳቱን ሳናይ ልንለያይ አንችልም። ያለፈ ቀን ይሁን አልኳት። ወንድምዬው የቦኖውን ቀን መረጠ። ቀኑን ጻፈች፣ ተጫነችው። ነጩ ገጽ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቀኑ መጣ፤ ከሥሩ ድንጋዮቹ መጡ፤ አፍንጫ ያለው ድንጋያችንም መጣ። ሦስታችንም አንገታችንን አስግገን አነበብነው። እሷ «በእግሯ ገፋ አድርጋ» የሚለው ላይ ስትደርስ ሳቀችና አፏን ያዘች።

ሊወጣ ጫማውን ሲያስር ወንድምዬው ድምፁን ቀነሰ።

«እትዬ፣ የግንቦት ልደታውን ስታነቢ... እንዳትናደጂ።»

«ለምን እናደዳለሁ?»

«እንዲያው» አለና ደረጃውን እየሮጠ ወረደ። በዚያ ሆዱ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም።

እስከ ግንቦት አንድ ድረስ እንዴት እንደቆየሁ እኔ ነኝ የማውቀው። በየጠዋቱ ጽሑፉ ይመጣል፤ አነበዋለሁ፤ ልቤ ግን እዚያ ነው። የግንቦት ልደታ ዕለት ጎህ ሲቀድ ስልኬን ከፈትኩ። እንዲህ ይላል፦

«የዚያን ዓመት ለግንቦት ልደታ ከቦኖው በታች ባለው ሜዳ እሳት ተለኮሰ። ንፍሮው በትልቅ ብረት ድስት ወጣ። አንዲት ልጅ ቢጫ ሻርፕ ተከናንባ ለሰው ታድላለች። ወስጄ በላሁና ዞሬ እንደገና ተሰለፍኩ። 'አንተ ወስደህ የለም እንዴ?' አለችኝ፤ ግን ሰጠችኝ። ከመጀመሪያውም ያበዛችልኝ መሰለኝ። ይህን የምታነብ ሰው ራሷን ታውቃለች።»

ራሴን አላወቅሁም። ቢጫ ሻርፕ ኖሮኝ አያውቅም። ቢጫ አልወድም፤ ቢጫ የለበሰ ሰው እንኳ ጎኔ ታክሲ ውስጥ ሲቀመጥ ደስ አይለኝም። ንፍሮ ማደሉን አድዬ ሊሆን ይችላል፤ በየዓመቱ ከልጃገረዶቹ አንዷ ታድላለች። «አንተ ወስደህ የለም እንዴ» የሚለውም የእኔ አነጋገር መሆኑን አልክድም። ማብዛቱ ግን የእኔ አይደለም። እኔ ደጋግሞ ለሚሰለፍ አላበዛም።

ወንድምዬው ስልኩን ወዲያው ነው ያነሳው፤ እየጠበቀኝ ነበር።

«ማን ናት?»

«እንኳን አደረሰሽ እትዬ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ማን ናት?»

«እኔ ልጅ ነበርኩ እኮ!»

«አፍንጫህን የምትጠርግ ልጅ ነበርክ። ቢጫ ሻርፕ የነበራት ማን ናት?»

ተነፈሰ። «እትዬ፣ እሳት ፊት እኮ ነጭ ነገር ቢጫ ይመስላል። የአንቺ ነጠላ ሊሆን ይችላል። እሱ ደግሞ ነጠላና ሻርፕ መቼ ይለያል?»

«ይህን አሁን ነው ያሰብከው?»

«ካነበብኩት ጀምሮ ሳስበው ነው የከረምኩት።»

ይህኛው እውነት መሆኑን ከድምፁ አወቅሁ።

በዚያ ምሽት የሕንጻችን ሰዎች ግቢው መሀል እሳት አነደዱ። ሴቶቹ ንፍሮውን በጎድጓዳ ሳህን እያዞሩ ነው። ሁለቱንም ጠርቻቸዋለሁ። ወንድምዬው ከወንዶቹ ጋር ቆሞ ስለ ጎማ ዋጋ ይከራከራል፤ ወደ እኔ እንዳያይ ተጠንቅቋል። ሴትዮዋ ከሥራ በቀጥታ ስለመጣች ሹራብ ነው የለበሰችው። ነጠላዬን አውልቄ አከናነብኳትና በትከሻዋ ይዤ እሳቱ ፊት አቆምኳት። ሳህን እጇ ላይ አስቀመጥኩ። እኔ ወደ ኋላ ሄድኩ፤ ያኔ ባለቤቴ ተሰልፎ ቆሞ ይሆናል ብዬ እስከገመትኩበት ድረስ።

«እትዬ፣ ምን እየሆንን ነው?» አለችኝ፣ ሳቋን እየታገለች።

«ስክሪፕት እየፈተሽኩ ነው። አትንቀሳቀሺ።»

አንዱ ልጅ እንጨት ጨመረ። እሳቱ ሲንቦገቦግ ነጠላው ትከሻዋ ላይ ቢጫ ሆነ፤ ጥለቱ ጠፋ፣ ሻርፕ ነው ቢሉት ሰው ያምናል። ነበልባሉ ሲወርድ ተመልሶ ነጭ ሆነ፤ የማንም ነጠላ ነው።

«እሺ፣ ምን ይመስላል?» አለችኝ።

«እስቲ ዙሪ» አልኳት። «በዚያ በኩል።»